የዌንዶቨሩ ጸጥታ ክፍል

ብራይስ ማኮርድን ያገኘነው በካልሲው ነው። በተዘጋው የዌንዶቨር የአእምሮ ሆስፒታል፣ በዘጠነኛው ሕንፃ ምድር ቤት፣ «ጸጥታ ክፍል» ይባል በነበረው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ ሥር ጉልበቱን ታቅፎ ተኮራምቶ ነበር። ከላይ የለበሰው ስስ ካናቴራ ብቻ ነው። ጥፍሮቹ ተነቅለዋል፤ በበሩ ብረት ላይ ደም ደርቋል። አልተመታም፣ አልታነቀም። ብርድ ነው የገደለው። አስከሬን የሚመረምረው ሐኪም አጎንብሶ አየውና፣ «የሞተው እሁድ ጎህ ሲቀድ ይመስለኛል» አለ። እኛ የደረስነው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው።

የክፍሉ በር ከውጭ በመቀርቀሪያ ተዘግቷል። እዚያ የገባ ሰው የሚወጣው ሌላ ሰው ሲፈቅድለት ብቻ ነው፤ ክፍሉም የተሠራው ለዚሁ ነው።

«ጆሊን፣ ይሄን ልጅ ማን ይጠላው ነበር?» አለኝ የፖሊስ አለቃዬ ሬዲንገር፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ።

«ከተማው በሙሉ» አልኩት።

እውነቴን ነው። ብራይስ የተዘጉ የእብድ ቤቶችን እየዞረ ቪዲዮ የሚቀርጽ ልጅ ነበር። በስልክ የሚከታተለው ሕዝብ ከአውራጃችን ነዋሪ ይበልጣል። መኸር ላይ ከኦሃዮና ከኒው ጀርሲ ጎብኚዎችን በአውቶቡስ እያመጣ፣ የበሽተኛ ቀሚስ አልብሶ፣ የውሸት ደም ቀብቶ ሕንፃውን ያስጎበኛቸዋል። እኛን መንገድ ላይ እያስቆሙ፣ «ጭንቅላት በኤሌክትሪክ የሚጠበሰው በየትኛው ክፍል ነበር?» ይሉናል። ዌንዶቨር ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ወይ ኮረብታው ላይ ሠርቷል፣ ወይ ኮረብታው ላይ ተቆልፎበታል። ልጆች ሳለን ስናስቸግር እናቶቻችን «ኮረብታው ላይ እልክሻለሁ!» ሲሉን ትንፋሻችን ይጠፋ ነበር። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እነሱ ይልሱታል፤ ከፍለው።

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። እነ ብራይስ ፍርስራሽ ቤት ሲገቡ እንዳይዘጋባቸው እያንዳንዱን በር በጡብ ይደግፋሉ። ጡቦቹ እዚያው ነበሩ፤ ግን ተነስተው ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል። ከውጭው በር እስከ ምድር ቤቱ ድረስ ያለው በር ሁሉ በቁልፍ ተቆልፎ ነበር የተገኘው። ካሜራው የለም። ስልኩና ጃኬቱም የሉም። ጫማው ግን ከጸጥታ ክፍሉ በራፍ ላይ ተረከዙን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተቀምጧል። የጫማው ክር ተፈትቶ ወጥቶ፣ ተጠቅልሎ፣ በግራው ጫማ ውስጥ ገብቷል።

«ሌባ የጫማ ክር ሲጠቀልል አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት ሬዲንገርን።

«ሌባ አይጠቀልልም። እብድ ግን ይጠቀልላል» አለኝ።

ማንን ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ሬዲንገር ክፉ ሰው አይደለም፤ ቶሎ መጨረስ የሚወድ ሰው ነው። በኛ ሥራ ደግሞ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይለያዩም።

*

አንሰል ኮቫች ኮረብታው ላይ የተላኩት በአሥራ አራት ዓመታቸው ነው። በሽታቸው የሚጥል በሽታ ብቻ ነበር። ሆስፒታሉ ተዘግቶ ሲወጡ ፀጉራቸው ሸብቷል። አሁን ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ፤ ክረምትም ይሁን በጋ በራቸውን አይዘጉም። ከተማው «አንተ» ይላቸዋል፤ እኔ ግን አንቱ ነው የምላቸው።

ብራይስ ሳያስፈቅድ ቀርጿቸው «የኮረብታው የመጨረሻ እብድ» ብሎ ለዓለም አሳይቷቸዋል። ከዚያ በኋላ የማያውቋቸው ጎረምሶች መስኮታቸው ሥር እየመጡ እንደ ውሻ ይጮኹባቸው ጀመር። አንድ ቀን ቁርስ ቤት ውስጥ ብራይስን አገኙትና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንድ ቀን ከውጭ ይቆለፍብህ፤ ያኔ ትስቅ እንደሆነ እናያለን» አሉት። ብራይስም ሳቀ። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ አንሰል ወደ ኮረብታው ሲወጡ ሁለት አዳኞች አይተዋቸዋል።

ለሬዲንገር ይሄ በቂው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ይዟቸው መጣ።

«ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ምን ይሠሩ ነበር?» አልኳቸው።

«ወደ መቃብሩ ነው የሄድኩት።»

«የማን መቃብር?»

«የሁሉም። ድንጋዩ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ስማቸውን የማውቀው እኔ ነኝ። እየዞርኩ እጠራቸዋለሁ።»

ሬዲንገር ከግድግዳው ጋር ተደግፎ፣ «አቤት ይላሉ?» አለ።

አንሰል ቀና ብለው አዩት። «አንተስ አባትህ መቃብር ሄደህ ስትጠራው አቤት ይልሃል?»

ሬዲንገር ጆሮው ቀላ። እኔ ቶሎ ብዬ፣ «ጩኸት አልሰሙም?» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ የአደን ወቅት መክፈቻ ቀን ነበር እኮ። ተራራው ሁሉ ተኩስ ነው። ደግሞ የግራ ጆሮዬን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ትቼው ነው የወጣሁት።»

ክፍላቸውን ፈተሽን። ቁልፍ የለም፣ ካሜራ የለም፣ ጃኬት የለም። «ወንዝ ውስጥ ጥሎት ይሆናል» አለ ሬዲንገር። ቀጥሎ የሚሆነውንም ነገራቸው። ዓርብ ከግዛቱ ሐኪም ይመጣል፤ ዳኛው ይፈርማል፤ ፍርዱ እስኪታይ ድረስ ሌላ ከተማ ወዳለው፣ በር ወደሚቆለፍበት ሆስፒታል ይሄዳሉ። በዚያ ዕድሜ «ፍርዱ እስኪታይ» ማለት እስኪሞቱ ማለት ነው።

አንሰል የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ስቀሉኝ» አሉ። «ግዴለም፣ ስቀሉኝ። ግን አትቆልፉብኝ። ጆሊን፣ ንገሪው። እኔ ተመልሼ አልገባም።»

የዚያን ቀን ሾርባቸውን አልነኩም። በማግስቱም አልነኩም። የእስር ማረፊያውን በር ገርበብ አድርጌ ከፍቼ ራሴ በራፉ ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደንቡ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ። ሬዲንገር አይቶኝ እንዳላየ አለፈ።

*

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኬልሲን ነው። ኬልሲ የብራይስ ፍቅረኛም የሥራ ባልደረባም ነበረች፤ ሰኞ ጠዋት የግቢውን ጠባቂ በሮቹን አስከፍታ አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ነች። በስልክ የተጻጻፉትን አንብቤ ነበር። የመጨረሻው የሷ መልእክት «እዚያው ገብተህ ቅር» ይላል።

«ተጣልተን ነበር» አለችኝ፤ ዓይኗ አባብጧል። «የምስጋና ቀን በዓልን እናቴ ቤት እንዋል ስለው፣ አይ፣ ቅዳሜ የአደን መክፈቻ ነው፣ የግቢው ጠባቂ አይኖርም፣ በነፃነት እቀርጻለሁ አለ። ትቼው ኢሪ ከተማ፣ እናቴ ጋ ሄድኩ።»

«እስከ መቼ ቆየሽ?»

«እስከ እሁድ ማታ። እናቴን ጠይቂያት። ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቂ፤ ስሳደብ ሲሰሙ ነው የዋሉት።»

ጠይቄያለሁ። ሰምተዋል።

«ምን ሊቀርጽ ነበር?»

«‹አንድ ቀን እንደ በሽተኛ› ነው የሚለው። ጃኬቱንና ጫማውን አውልቆ፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሊቀመጥ። ካሜራው ኮሪደሩ ላይ በማቆሚያው ቆሞ ገርበብ ባለው በር ይቀርጸዋል።» ከንፈሯን ነከሰች። «በሩን በጡብ ደግፎት ነበር። ሁልጊዜ ይደግፈዋል። ፈሪ ነበር እኮ። ሰው አያውቅም እንጂ በጣም ፈሪ ነበር።»

«ጫማውን ሲያወልቅ ክሩን እየፈታ ይጠቀልላል?»

«ብራይስ? ካልሲውን እንኳ ጥንድ አድርጎ አያውቅም!» አለችና መሳቅ ጀምራ አለቀሰች።

ቁልፍ ያለው የግቢው ጠባቂም ነፃ ወጣ። ቅዳሜ ከወንድሞቹ ጋር ጫካ ውስጥ ነበር፤ የገደለውን አጋዘን ቀንድ ይዞ የተነሣው ፎቶ በከተማው ሁሉ ስልክ ውስጥ አለ። የአደን መክፈቻ ቀን ለመርማሪ የእርግማን ቀን ነው። የአውራጃው ወንድ ሁሉ ጠመንጃ ይዞ ዛፍ ላይ ስለሚውል ሁሉም ምስክር አለው። እኔም ዕለቱን የዋልኩት ባልንጀራው እግሩን በጥይት የመታውን አንድ ሞኝ ከጫካ ሳወጣ ነው። ማታ ደግሞ በረዶ ጥሎ ዱካውን ሁሉ ሸፈነው።

ስለዚህ የቀረው አንሰል ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ነገር ዓይኔ እያየ ሊፈጸም ነው።

*

እኛ ቤት ከኮረብታው ግርጌ ነው፤ ሆስፒታሉ ለአስታማሚዎቹ ከሠራቸው ቤቶች አንዱ። አባቴ ዊልበር ዕድሜ ልኩን እዚያ አስታማሚ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ፀጉሬን ጎንጉኖ ትምህርት ቤት የሚሸኘኝ እሱ ነበር፤ እጁ ለስላሳ ነበር፣ ፀጉር አይጎትትም። አሁን አእምሮው እየከዳው ነው። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ።

«ፈረቃዬ ረፈደብኝ» ይላል።

«ዛሬ እረፍት ነህ፣ አባዬ።»

«እረፍት ነኝ?» ኪሱን ይዳብሳል። «ጥሩ። ልጆቹ ቁርስ በልተዋል?»

ልጆቹ የሚላቸው በሽተኞቹን ነው።

«በልተዋል» እለዋለሁ። ከዚያ ጎረቤታችን ግላዲስ መጥታ ስትቀመጥለት እኔ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ረቡዕ ጠዋትም እንዲሁ አደረግኩ።

ጣቢያ ስደርስ አንሰል ውሃ ብቻ ጠጥተው አድረዋል። ፊታቸው ገርጥቷል። ሌላ የምይዘው ነገር ስላልነበረኝ የጫማውን ፎቶ አወጣሁና ፊታቸው አስቀመጥኩት።

አንዴ አዩትና ገልብጠው አስቀመጡት።

«ምነው?»

«ይሄን የሠራው በሽተኛ አይደለም» አሉ በዝግታ። «ይሄ የነሱ እጅ ነው።»

«የነማን?»

«የአስታማሚዎቹ። ጸጥታ ክፍል ሲያስገቡህ መጀመሪያ ጫማህን ነው። ክሩን ያወጡታል፤ እንዳትታነቅበት። ጠቅልለው በግራው ውስጥ። ተረከዙ ወደ ግድግዳ። ጃኬትህን፣ ሰዓትህን፣ ያለህን ሁሉ ከረጢት ውስጥ ከትተው ይወስዱታል። ስትወጣ ይመልሱልሃል።» ምራቃቸውን ዋጡ። «በር ሁሉ ተቆልፎ ነበር አላላችሁም? በሽተኛ በር አይቆልፍም፣ የኔ ልጅ። እኔ እስከ ዛሬ የማንንም በር ቆልፌ አላውቅም።»

ፎቶውን ይዤ ሬዲንገር ቢሮ ሮጥኩ።

«አስታማሚ?» አለኝ ሳንድዊቹን እያኘከ። «የቀሩት እኮ ወይ መቃብር ውስጥ ናቸው ወይ ፍሎሪዳ። ማን ሽማግሌ ነው ተነሥቶ ጎረምሳ የሚቆልፈው?»

«ልጁ ራሱ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በሩን ለመግፋት ጉልበት አያስፈልግም።»

«ስም አምጪልኝ።» አፉን ጠረገ። «እስከ ዓርብ ስም ካላመጣሽ እኔ አንድ ስም አለኝ።»

*

ሚስ ኦርፋ ግሪም የዘጠነኛው ሕንፃ አስታማሚዎች አለቃ ነበሩ። አሁን አረጋውያን ማረፊያ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ ጓደኞቻቸውን በካርታ ያሸንፋሉ። ፎቶውን ተቀብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«ጥሩ ሥራ ነው» አሉ።

«ሰው ሞቶበታል፣ ሚስ ኦርፋ።»

«አውቃለሁ፤ ዜና እሰማለሁ። ስለ ጫማው ነው ያልኩሽ። ይሄን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ።»

«እንዲህ የሚሠራ እጅ በዚህ አውራጃ ስንት ቀርቷል?»

«እኔ እግር የለኝም። ክላረንስ ፍሎሪዳ ሄዶ ዓሣ ያጠምዳል፤ ሚስቱ ደህና ነው ብላ ካርድ ትልክልኛለች። ሌሎቹን ቀብረናል።» ካርታቸውን በውዘው ሰበሰቡት። «አባትሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። አንዳንዴ ይረሳል።»

«ምን ይረሳል?»

«እንግዲህ… ጡረታ መውጣቱን።»

ካርታውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ «ሆስፒታሉ ሲዘጋ ሁላችንም ቁልፋችንን አስረክበናል» አሉ። «ዊልበር ብቻ ጠፋብኝ አለ። ሰው አክባሪ ስለሆነ አላስጨነቅኩትም።»

«ቅዳሜ ቤት ነው የዋለው» አልኩ። «ግላዲስ አብራው ነበረች።»

«እኔ ምን አልኩሽ?» እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። «ሂጂና ግላዲስን ጠይቂያት፣ አንቺ ልጅ። የሰውን በር ከማንኳኳትሽ በፊት የራስሽን።»

ከዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም። መኪናው ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሣ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ያልገባኝ መስሎኝ ነበር። እንደገባኝ ግን ሆዴ ያውቅ ነበር። የአስታማሚ ልጆች ሁሉ አንድ ታሪክ አለን፤ አባቶቻችን የገቡበትን በር ሳያስቡት ስለሚቆልፉ ግማሹን ልጅነታችንን ከገዛ ቤታችን ውጭ ቆመን ስናንኳኳ ነው ያሳለፍነው። ትምህርት ቤት ይሄን እያወራን እንስቅ ነበር። የተቆለፉትን በሮች ባየሁበት ቅጽበት አፍንጫዬ ስር የነበረውን ነገር ላለማየት ስንት ሰው ደጅ ጠናሁ!

*

ግላዲስ የቤታችንን በር የከፈተችልኝ ሊጥ በእጇ ይዛ ነው። ፊቴን ስታይ ሳልጠይቃት ማልቀስ ጀመረች።

«ለትንሽ ጊዜ ነው የወጣሁት፣ ጆሊን! ልጄ አጋዘን ጥሎ እርጂኝ ብሎ ደወለልኝ። ዊልበር ወንበሩ ላይ ተኝቶ ነበር። በእግዚአብሔር እምላለሁ፣ ተኝቶ ነበር።»

«መቼ ወጣሽ?»

«እኩለ ቀን ላይ።»

«መቼ ተመለስሽ?»

«ሲመሽ… ሊመሽ ሲል። ወንበሩ ላይ ነበር አልኩሽ እኮ! እዚያው ቦታው!» መሐረቧን ፈለገች፣ አጣችው፣ በሊጡ እጇ ዓይኗን ጠረገች። «ጫማው ብቻ ነበር እርጥብ። ውጭ ሽንቱን ሸንቶ ይሆናል ብዬ ካልሲውን ቀየርኩለት።»

አልጮህኩባትም። አቅሙም አልነበረኝም።

ወደ ቤቷ ልኬያት ቀጥታ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ከአሮጌዎቹ የቀለም ቆርቆሮዎች ጎን፣ መደርደሪያው ላይ፣ አፉ በጥንቃቄ የታጠፈ የወረቀት ከረጢት ነበር። ውስጡ አንድ ጃኬት፣ ታጥፎ። አንድ ስልክ። አንድ ካሜራ ከነማቆሚያው። ከረጢቱን ታቅፌ ወጣሁ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ጀርባ እየገባች ነበር፤ አባቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ፖም ይልጥ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ የማን ነው?»

ቀና ብሎ አየ። «የልጁ ነዋ። ሲወጣ የሚሰጠው።»

«የትኛው ልጅ?»

«አዲሱ። ስሙን አልነገሩኝም። ኮረብታው ላይ ወጣሁና ሳይ በሩ ሁሉ ወለል ብሏል! ጡብ ሁሉ ደቅነውበታል! ፈረቃ ላይ ማን እንደነበረ ባውቅ ጉድ አደርገው ነበር። እየዘጋሁ ወረድኩ። ልጁ ለካ ጸጥታ ክፍል ራሱ ገብቶ ተቀምጧል። ጫማውን ራሱ አውልቆ!» አድንቆ ራሱን ነቀነቀ። «እንደሱ ያለ ጨዋ በሽተኛ አይቼ አላውቅም። ዘጋሁለት።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አልጮኸም?»

«ይጮሃል እንጂ! የመጀመሪያ ቀን የማይጮህ ማን አለ?»

«ምን ይል ነበር?»

«የሚሉትን ነው። እኔ በሽተኛ አይደለሁም፣ በስህተት ነው፣ ክፈቱልኝ።» የፖሙን ልጣጭ ሳያቋርጥ አወረደው። «ሁሉም እንዲያ ነው የሚሉት፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልከፈትክለትም?»

እንደ አዲስ ሠልጣኝ አየኝ። አልተቆጣም፤ በትዕግሥት ነው ያስረዳኝ። «እየጮኸ? እየጮኸ ከተከፈተለት ጩኸት ነው የሚማረው። ዝም ሲል ነው የሚከፈተው። ከዚያ ሁለተኛ አይጮህም።»

«ዝም ሲልስ?»

«ከፈረቃ ስወጣ ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግሁ። ዝም ብሏል። ተኝቷል ብዬ አልቀሰቀስኩትም። እዚያ እንቅልፍ የሚያገኙት አልፎ አልፎ ነው፤ ምስኪኖች።» አንድ ቁራጭ ፖም በቢላዋው ጫፍ አቀረበልኝ። «ብዪ። ከስተሻል።»

ሐኪሙ እሁድ ጎህ ሲቀድ ነው የሞተው ብሎ ነበር። አባቴ ጆሮውን ሲያደርግ ልጁ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ደክሞት ዝም ብሎ ነበር። ወይም የእግር ኮቴ ሰምቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እየሰማ ነበር። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ይሄን ማሰብ ማቆም አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬም አላቆምኩም።

የማገዶው ምድጃ እየነደደ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ አየሁት። ጃኬት ይቃጠላል፣ ካሜራ ይቀልጣል። ግላዲስ ለራሷ ስትል አትናገርም፤ ሚስ ኦርፋ ማስረጃ የላቸውም። አባቴ በገዛ አልጋው፣ በእኔ እጅ ይሞታል። በሱ ፈንታ የሚሄዱት ሰው ጠያቂ የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፣ ከተማው ቢሰማ «አይገርምም» ብሎ ቡናውን ይጠጣል። አባቴን እወደዋለሁ። በዓለም ላይ ከማንም አብልጬ እወደዋለሁ። ከረጢቱን ይዤ ምድጃው ፊት ቆምኩ።

አባቴ ቢላዋውን አስቀምጦ ተነሣ። ኪሱን ዳብሶ ቁልፉን አወጣ።

«መሽቷል እኮ» አለ። «ይሄኔ ርቦታል። ልክፈትለት።»

ከረጢቱን ከምድጃው አራቅኩት። ካፖርቱን አለበስኩት፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቀለልኩለት፣ ከነከረጢቱ መኪና ውስጥ አስገባሁት። ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቀኝም።

*

ሬዲንገር የካሜራውን ምስል ብቻውን ገብቶ አየ። ሲወጣ ከበሩ እጀታ ላይ እጁን አላነሣም።

«እብድ ነሽ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ማን አይቶሽ ነበር? ማን ይጠይቅሽ ነበር?»

«አንሰል።»

«አንሰልማ…» አለና አልጨረሰውም። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ፈረቃ ላይ ያሉትን ፖሊሶች አንድ በአንድ እየጨበጠ ነበር።

ዓርብ ሐኪሙ መጣ። ዳኛው ፈረመ። ሰው የገደለና አእምሮው የሸሸ ሰው በቤቱ ሊቀመጥ አይችልም አሉ፤ ግዛቱ ያለው አንድ ቦታ ነው። ወረቀቱ ላይ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ሲወስዱት ከመስኮቱ እጁን አውለበለበልኝ፤ ወደ ቀን ፈረቃው የሚሄድ መስሎት ደስ ብሎታል። ቁልፉን ወስደውበት ስለነበር ግን ባዶ ኪሱን ደጋግሞ ይዳብስ ነበር። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ሬዲንገርም ጀርባውን ሰጠኝ።

አንሰልን ቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ዳቦ ቆርሰው ቀስ ብለው ያላምጡ ነበር። የመኪናውን መስኮት እስከ ታች አውርደውታል፤ ብርዱ ፊታችንን ይገርፈናል። ከልብስ ማጠቢያው ቤት ፊት ሳቆም አልወረዱም።

«ማን ነበር?» አሉኝ።

ሌላ ሰው ቢነግራቸው ይሻል ነበር። ሌላ ሰው ግን አልነበረም።

«አባቴ ነው።»

«ዊልበር?»

«ዊልበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንሰል። ስለ እሱ… ስለዚያ ሁሉ ዘመን።»

ዳቦውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ሊሰድቡኝ፣ ሊተፉብኝ ይችላሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢያደርጉት ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ክንዴን ያዙኝ።

«ዊልበርን ነው የወሰዱት?» አሉ። «ወይኔ! ከሁሉም የሚሻለው እኮ እሱ ነበር። ሌሎቹ ዝም ስንል እንኳ አይከፍቱልንም ነበር።»